ሮምና ፓሪስ ከልጆችና ከእናቴ ጋር፦ የትኛውን ትኬት ካሁኑ ልግዛ?

ማሚ ከቨርጂንያ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጁላይ ላይ ቤተሰቡን ይዘን ሮም 5 ሌሊት፣ ፓሪስ 4 ሌሊት ልናድር አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 እና የ9 ዓመት ወንዶች ልጆቻችን፣ የ5 ዓመቷ ትንሿ። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስታ ሮም ላይ ትቀላቀለናለች። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፤ «ቅዱስ ጴጥሮስን ሳልሳለም አልሞትም» ካለች ግን ቆይታለች።

አሁን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው። ባለቤቴ «ደርሰን እንገዛለን፣ ምን አስቸኮለሽ» ይላል። እኔ ደግሞ አንዲት ጓደኛዬ አምና ኮሎሲየም በር ድረስ ሄዳ፣ ትኬት አልቋል ተብላ፣ ልጆቿን ከአጥሩ ውጭ ፎቶ አንስታ እንደተመለሰች ከነገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሁሉንም ልግዛ ብል ደግሞ ገንዘቡ አይመለስም፤ የእናቴ ቪዛም ገና አልወጣም። ትኬቱ ስም ይጠይቃል። ልግዛላት ወይስ ልጠብቅ? በናታችሁ፣ ሄዳችሁ ያያችሁ ንገሩኝ።

ሮማ የከረመች

እህቴ፣ ሮም ስኖር 22 ዓመቴ ነው። በየክረምቱ ከአሜሪካና ከስዊድን የሚመጣ ዘመድ የሚያርፈው እኔ ቤት ስለሆነ ሰልፉን እንደ ሰፈሬ አውቀዋለሁ።

ባልሽ ግማሽ እውነት አለው። ሮም ውስጥ አብዛኛው የሚታይ ነገር ትኬት አይፈልግም፤ በእግር ነው። አስቀድሞ ካልተያዘ ጉድ የሚሠራው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ የቫቲካን ሙዚየምና ኮሎሲየም። ሁለቱ የሚከፈቱበት ጊዜ ስለሚለያይ አታምታቺው። የቫቲካኑ ሙዚየም ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ይሸጣል። የኮሎሲየሙ ከ30 ቀን በፊት ነው። ስለዚህ ዛሬ ገብተሽ «ኮሎሲየም የለም» ቢልሽ አልቆ አይደለም፣ ገና ስላልተከፈተ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ሦስት እጥፍ ከሚያስከፍል ሻጭ ይገዛል።

የቫቲካኑ ለአዋቂ 20 ዩሮ ነው፤ ኦንላይን ሲያዝ 5 ዩሮ ይጨመርበታል። ያቺ 5 ዩሮ በሕይወትሽ ካወጣሻት ገንዘብ ሁሉ የምትባረክ ናት፤ ያልያዘው ሰው ጁላይ ላይ በቫቲካን ግንብ ሥር ፀሐይ እየጠበሰው ነው የሚሰለፈው። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል፤ ቢሆንም ስትይዢ ትንሿንም ቁጥር ውስጥ አስገቢያት።

ኮሎሲየም 18 ዩሮ ነው፤ በዚያው ትኬት የሮማውያኑን ፎረምና የፓላታይን ኮረብታ ታያላችሁ። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ነፃ ነው፣ የየት አገር ዜጋም ቢሆኑ። ነፃ ነው ማለት ግን ትኬት አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም። ዜሮ ዩሮ የሚል ትኬት በስማቸው ይቆረጣል፤ እሱ ከሌለ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ትኬቱ ላይ ስም አለ፣ መታወቂያም ይጠየቃል።

የቫቲካን ሙዚየም እሁድ ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ በነፃ ይከፈታል፣ የዚያን ቀን ደግሞ ሮም በሙሉ እዚያ ነው። ከእናትሽ ጋር እንዳትሞክሪው።

ነገረኛው

እኔ ፌብሩዋሪ ላይ ሄጄ ምንም ሳልይዝ ገባሁ። ቫቲካንም ኮሎሲየምም። ይሄ ሁሉ ጭንቀት የኢንተርኔት ወሬ ነው። ሽርሽር ነው ወይስ የሥራ ስብሰባ? በሰዓት በሰዓት ተከፋፍሎ ምን ይደሰትበታል ሰው።

ባለ ሦስቱ

@ነገረኛው ፌብሩዋሪ ላይ ብቻህን ነው የሄድከው አይደል? አንተ ተሰልፈህ ሁለት ሰዓት ብትቆም ቡናህን ይዘህ ስልክህን ታያለህ። የ5 ዓመት ልጅ በ36 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ሰዓት ስትቆም ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ሽንት ቤት ይላል፣ አንዱ ውኃ ይላል፣ አንዷ መሬት ላይ ትተኛለች፣ አባትየው «አላልኩሽም» ማለት ይጀምራል።

ነገረኛው

ሦስት ልጅ ይዤማ ከቤቴም አልወጣ። ተሸንፌያለሁ።

ፈልገህ አስፈልገህ

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ስለተበላሁ። «ኮሎሲየም ትኬት» ብላችሁ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ «ያለ ሰልፍ» ይላል፣ ሰዓት እየቆጠረ «3 ትኬት ብቻ ቀርቷል» ይላል። ለአራት ሰው ወደ 190 ዩሮ ከፈልኩ። ደርሼ ሳይ ትኬት ሳይሆን «ቢጫ ጃንጥላ የያዘ ሰው ፈልግ» የሚል መልእክት ነው የተላከልኝ። ጃንጥላውን ለማግኘት 40 ደቂቃ። ከዚያ ከሌላ 30 ሰው ጋር ተሰልፈን ገባን፤ ሰልፉ ያው የሁሉም ሰው ሰልፍ ነው፤ የጸጥታ ፍተሻውን ማንም አይዘለውም።

ለነገሩ ችግሩ የእኔ ብቻ አልነበረም። የኢጣሊያ የውድድር ባለሥልጣን በ2025 ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ቅጣት የጣለው በዚሁ በኮሎሲየም ትኬት ጉዳይ ነው። ትኬቱ በኮምፒውተር ፕሮግራም እየተለቀመ፣ ተራው ሰው ሳይት ላይ ሲገባ ባዶ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። አሁን ስም የሚጻፍበት አንዱ ምክንያትም የቸርቻሪውን እጅ ለማሳጠር ነው።

የቫቲካኑ ትክክለኛ አድራሻ መጨረሻው «ነጥብ ቪ ኤ» ነው። ቪ ኤ የሚለውን ቫቲካን ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ከዚያ ውጭ በሆነ ሁሉ ላይ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

የሸገር ልጅ

ስለ ስም ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ፤ ለሐበሻ ትልቁ ጣጣ እሱ ነውና።

ፎርሙ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። ፈረንጁ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዴ ጽፎ ይጨርሳል። እኛ ጋ አባትየው በአባቱ ስም፣ እናትየው በአባቷ ስም፣ ልጆቹ በአባታቸው ስም ነው። ባለቤቴ ለልጆቹ የእሷን አባት ስም ሞልታ ላከች፤ ልማድ ሆኖባት ነው፣ የራሷን ስትሞላ ቆይታ እጇ ቀጠለ። ኮሎሲየም በር ላይ ጥበቃው ፓስፖርቱን እያየ ትኬቱን እያየ፣ «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለ። ልጄ እኔን ጠቆመች። እኔ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ስም አለኝ። በመጨረሻ የልደት ሰርተፍኬቱን ከስልኬ አሳይቼ አለፍን፤ ከኋላችን የቆመው ሰው ግን በዓይኑ በላን።

ምክሬ፦ ፓስፖርቱን ፊት ለፊታችሁ ዘርግታችሁ፣ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። በቃላችሁ አትጻፉ። በተለይ እናቶች፤ በፓስፖርቱ ላይ ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ ልጆቻቸው እንኳ አያውቁም።

ስቶክሆልም ነኝ

በስም ካነሳችሁ እኔ በሰዓት ላንሳ። 😀

አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሮም ውስጥ ሌላ ዘመድ ቤት አርፎ ነበር። የቫቲካን ትኬታችን ለ9፡30 ነው። በቤተሰብ ግሩፕ ላይ «ነገ 9፡30 ሙዚየሙ በር ላይ እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ጠዋት ደረስን፣ ጠበቅን፣ ደወልን፣ አያነሳም። ትኬቱ ሊያልፍብን ሲል ገባን። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል፣ «የት ናችሁ? በሩ ላይ ነኝ» ብሎ ደወለ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ቦርሾ፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ መጥቶ። ምን ይባላል? እኛ ሆቴል ገብተን እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረናል።

እናትሽ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ሰዓት ስትነግሪያቸው «ከቁርስ በኋላ»፣ «ከምሳ በፊት» በያቸው። ቁጥር አትጥሪ።

ሮማ የከረመች

@ስቶክሆልም ነኝ ሆዴን አሳመምከኝ 😂 ይሄ እኔ ቤትም በየዓመቱ ይደርሳል።

በዚያው ላይ ቀኑን ተጠንቀቁ። ከአሜሪካ ለምትመጡ፣ እዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው ቀኑ ነው፣ ወሩ ቀጥሎ ነው። 07/08 ማለት ኦገስት 7 ነው። ትኬቱ ሲመጣ ወሩ በፊደል የተጻፈበትን ቦታ ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

ማሚ ከቨርጂንያ

ኸረ በስመ አብ! ስለ ቀኑ የነገርሽኝ በደረሰ ሰዓት ነው። የፓሪሱን ሳይት ከፍቼ ለ07/08 ልከፍል ካርዴን አውጥቼ ነበር።

የእናቴን ቪዛ ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ቪዛ የሰለቸው

ቀጥታ ልመልስልሽ። ለሸንገን ቪዛ የሙዚየም ትኬት ማንም አይጠይቅም። የሚፈለገው የጉዞ ዕቅድ፣ ማረፊያ፣ የበረራ ቦታ የተያዘበት ማስረጃ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ እና ወጪውን ማን እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ነው። የሙዚየም ትኬት ማያያዝ አይጎዳም፣ ግን በእሱ ቪዛ ያገኘ ሰው አላውቅም። ስለዚህ «ለቪዛው ይረዳናል» ብለሽ አትግዢ።

ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። ሕጉ መልስ በ15 ቀን ይሰጣል ይላል፣ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ቀጠሮ ለማግኘት የሚጠፋው ጊዜ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። የሚመለከተው ደግሞ ብዙ ሌሊት የምታድሩበትን አገር ነው። 5 ሌሊት ሮም፣ 4 ሌሊት ፓሪስ ከሆነ ለኢጣሊያ ነው የምታመለክተው። «የፈረንሳይ ቀጠሮ ቶሎ ተገኘ» ብላችሁ ወዲያ እንዳትሄዱ።

አሁን ትኬቱ። የኮሎሲየሙ በ30 ቀን ስለሚከፈት ያኔ የቪዛው ነገር ተለይቶ ይሆናል፤ አትጨነቂ። የሚያስጨንቀው የ60 ቀኑ የቫቲካን ነው። እኔ ብሆን ገዝቼ አስቀምጥ ነበር። ቪዛው ባይወጣ የምታጪው 25 ዩሮ ነው። ቪዛው ወጥቶ እናትሽ ትኬት አጥተው እናንተ ስትገቡ በር ላይ ቢቀሩ ግን እድሜ ልክሽን ትሰሚዋለሽ።

የሸገር ልጅ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር 👏👏

ፓሪስ 18ኛው

ፓሪስን ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ የዝግ ቀኖቹን ካላንደር ላይ አስምሪ። ሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። ኦርሴ ሙዚየምና የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሰኞ ዝግ ናቸው። ይሄን ሳያውቁ 4 ቀን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሰኞ ቬርሳይ፣ ማክሰኞ ሉቭር ብለው ይመድባሉ፤ በሁለቱም በር ላይ ተለጥፎ የሚጠብቃቸውን ወረቀት አንብበው ይመለሳሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ቤተሰብ ነው።

ሉቭር ዋጋው ጨምሯል። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ለሚመጣ አዋቂ 32 ዩሮ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ለሁሉም 22 ነበር። ልጆች ነፃ ናቸው፣ ግን እንደ ኮሎሲየሙ በእነሱም ስም ሰዓት ያዢ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፍት ነው፤ በፈረንጁ 9 ማለቴ ነው፣ የስቶክሆልሙን አጎት እንዳንደግመው። ማታ ግቡ። ሰው ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይበርዳል። ሞናሊዛን አይታችሁ፣ ግብፅን አይታችሁ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ሉቭርን ጨርሶ ያየ ሰው የለም።

አይፍል ላይ ሊፍቱ ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል፣ ጫፍ ድረስ የሚወስደው ቶሎ ያልቃል። ካመለጠሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ በደረጃ የሚወጣው ትኬት ከ14 ቀን በፊት ነው የሚለቀቀው። እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ ነው። ለ14 ዓመቱ ጎረምሳ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ማታ ስልክ ሳይነካ ይተኛል።

ኖትርዳም በነፃ ነው። በ2019 ከተቃጠለ በኋላ በዲሴምበር 2024 ተከፍቷል። ሰዓት መያዝ ይቻላል፣ እሱም በነፃ ነው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ላለ ጊዜ ብቻ። ብር ጠይቆ የኖትርዳም መግቢያ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው።

አንድ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ። ኬ ብራንሊ የሚባለው ሙዚየም፣ ከአይፍል በእግር 10 ደቂቃ፣ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተነሱ የግድግዳ ሥዕሎች አሉት። ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳዮች ቡድን በ1932 ነው ነቅሎ ያመጣቸው። ቅዱሳኑ በዚያ በጎንደር ዓይን ትክ ብለው ሲያዩሽ፣ ፓሪስ መሃል መሆንሽን ትረሺዋለሽ። ሰልፍ የለውም፤ ዕለቱን ሄደሽ ትገቢያለሽ። ሰኞ ዝግ ነው። እናትሽን እዚያ ሳትወስጂ እንዳትመለሺ።

ባለ ሦስቱ

ከእናትየውና ከልጆቹ አንጻር የእኔ ሕግ አንድ ነው፤ በቀን አንድ የሰዓት ትኬት፣ እሱም ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ምንም። የመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ጠዋት ቫቲካን፣ ከሰዓት ኮሎሲየም ይዤ ነበር። ካርታ ላይ ቅርብ ነው። ሰው ግን ካርታ ላይ አይሄድም። አራት ሰዓት ሙዚየም ውስጥ ቆመን ስንወጣ ምሳ መብላት አለ፣ ሜትሮ አለ፣ የጠፋ ኮፍያ አለ። የኮሎሲየሙን 20 ደቂቃ አሳልፈን ደረስን፣ አላስገቡንም። አምስት ትኬት ቀልጦ ቀረ።

ሰው የማያውቀው ሌላው፣ የቫቲካን ሙዚየም በር እና የቅዱስ ጴጥሮስ በር አንድ አይደሉም። በግንቡ ዙሪያ 15፣ 20 ደቂቃ ያስሄዳል፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ትኬት ስለማይፈልግ ለሌላ ቀን፣ በማለዳ አድርጉት። ለሙዚየሙ ዊልቸር በነፃ ያውሳሉ። እናትሽ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ» ይሉሻል፤ ያኔ «ለልጅቷ ነው» በያቸውና ትንሿን ጭናቸው ላይ አስቀምጪ። እናቴን ያሸነፍኳት በዚህ ነው።

ማሚ ከቨርጂንያ

@ባለ ሦስቱ የምትገርሚ ነሽ። ይሄን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ጋለሪያ ቦርጌዜ የሚባለው የሮም ሙዚየምስ? ሁሉም ዝርዝር ላይ አለ።

ሮማ የከረመች

ውብ ነው፣ ግን ያለ ቀጠሮ አይገባም፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላም ያስወጣሉ። ለ5 ዓመት ልጅ ዕብነ በረድ ሐውልት ምኗ ነው? መናፈሻውን ውሰጃቸው፤ ነፃ ነው፣ ትንሽ ሐይቅ አለው፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ፓንቴዎን የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ ከ2023 ክረምት ጀምሮ አስከፋይ ሆኗል፣ ሲጀምር 5 ዩሮ ነበር። እሱን ባልሽ «ደርሰን እንገዛለን» እንዳለው ይግዛ፣ ደስ ይበለው። 😄

ደግሞ ያለ ትኬት የሚታይ የራሳችን ታሪክ አለ። ኮሎሲየሙን ስትጨርሱ በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ሂዱ። ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ የነበረው እዚያ፣ አሁን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 ቆመ። ዛሬ በቦታው ለአሜሪካው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተጎጂዎች መታሰቢያ ሁለት አምዶች አሉ። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ደግሞ ስሙን ያገኘው ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ ከደመሰሷቸው ወታደሮች ነው። ዛሬ ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳም በወረራው ጊዜ ለእነዚያ የዶጋሊ ሟቾች መታሰቢያ ሐውልት ማስጌጫ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ ሻንጣ እየጎተቱ ሲያልፉ ንገሪያቸው።

ደብተራ በሮማ

@ሮማ የከረመች ትልቁን ረሳሽው፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ቫቲካን ውስጥ፣ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያረፉበት ቤት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው ነው በ1548 የግዕዙን አዲስ ኪዳን ያሳተሙት። ሰተት ተብሎ የሚገባበት ቦታ ግን አይደለም። የቫቲካኑ የአትክልት ስፍራም በቀጠሮ ብቻ ነው የሚጎበኘው። ልጆቹ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ሆነው ወደ ኋላ ከተመለከቱ በዛፎቹ መሃል የኢትዮጵያ ኮሌጅን ያዩታል። ጉልላቱ 551 ደረጃ ነው፤ በሊፍት የሄደም 320ው ይቀረዋል። እናትሽ ከታች ቆይተው ይጸልዩ።

አዲስ ሆኜ

ከአዲስ አበባ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ። የውጭ ካርዴ ላይ ገንዘብ አለ፣ ግን ክፍያው ሲደረግ ባንኩ ለስልኬ የይለፍ ቁጥር ይልካል። አገር ቤት እያላችሁ ግዙ። ሮም ደርሼ ልግዛ ስል ሲሜ አይሠራም፣ ቁጥሩ አይመጣም፣ ካርዱ እጄ ላይ ተራ ፕላስቲክ ሆነ። አውሮፓ ያለ ዘመድ ነው ያወጣኝ።

ማሚ ከቨርጂንያ

ውዶቼ ተመልሰናል። ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

የቫቲካኑን በ60ኛው ቀን ለስድስታችን ገዛሁ፣ የእናቴንም ጨምሬ። ቪዛዋ ጉዞው 18 ቀን ሲቀረው ወጣ። ያን ቀን የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት ሰምቷል። ኮሎሲየሙን በ30ኛው ቀን ያዝኩ፤ ቀኑ ሳያልቅ የጠዋቶቹ ሰዓቶች መሳሳት ጀምረው ነበር።

የስሙ ነገር አልቀረልኝም። የሸገር ልጅ እንዳለው ለልጆቹ ፓስፖርት ዘርግቼ ጻፍኩ፣ ለእናቴ ግን «የእናቴን ስም አጣለሁ እንዴ» ብዬ በቃሌ። ስሟ በ«ፀ» ነው የሚጀምረው። እኔ በ«ኤስ» ጻፍኩት፤ ፓስፖርቷ ላይ ግን «ቲ» ከፊቱ አለ። ጥበቃው ጣቱን ከትኬቱ ወደ ፓስፖርቱ፣ ከፓስፖርቱ ወደ ትኬቱ ሦስት ጊዜ አመላለሰ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በአማርኛ «ያው እኔ ነኝ ልጄ» አለችው። ምን እንደገባው አላውቅም፣ ሳቀና አሳለፋት።

ቫቲካን ላይ ዊልቸሩ ሠራ። «ለልጅቷ ነው» አልኳት፣ አላመነችኝም፣ ግን ተቀመጠች። ሲስቲን ጸሎት ቤት ስንደርስ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችና «ይሄን የሣለው አንገቱ አልተሰበረም?» አለች። ቅዱስ ጴጥሮስ በማግስቱ በማለዳ ነበር፤ ፍተሻው 15 ደቂቃ ብቻ ወሰደ። እዚያ ያለቀሰችውን አልጽፈውም።

ከኮሎሲየም በኋላ ፖርታ ካፔና ሄድን። ሁለቱን አምዶች አይታ «እዚህ ነበር?» አለች። አዎ አልኳት። «ያን ያህል ድንጋይ ከአክሱም እዚህ ድረስ ጎትተው» ብላ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አወጣች። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣች መሆኗን አላወቅንም ነበር። የ9 ዓመቱ ከመንገድ ዳር ካለው ቧንቧ ውኃ እየቀዳ አመላለሰልን፤ ሮም ውስጥ የሚጠጣ ውኃ በየመንገዱ በነፃ ይፈሳል፣ ጠርሙስ ብቻ ያዙ። ከሄድንባቸው ሁሉ ልጆቹ አሁንም የሚያወሩት ስለዚያ ቀን ነው፣ ሳንቲም ሳናወጣበት።

ፓሪስ ላይ የአይፍል ሊፍት አመለጠኝ። 60ኛው ቀን ላይ የቫቲካኑን ስገዛ እሱን ረሳሁት። ባለቤቴና ጎረምሳው በደረጃ ወጡ፣ እኛ ሣር ላይ ተኝተን ጠበቅናቸው። ሉቭርን ዓርብ ማታ ገባን፤ ትንሿ ሞናሊዛ ፊት አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። 32 ዩሮ ስላልተከፈለባት እግዚአብሔር ይመስገን። ኬ ብራንሊ ላይ ግን @ፓሪስ 18ኛው፣ እናቴ ሥዕሎቹ ፊት ተሳልማ ቆመች፤ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላዋ ቆሞ ጠበቀ። አመሰግናለሁ።

ፓሪስ 18ኛው

እኔ ነኝ የማመሰግነው።

የነሐሴ ተጓዥ

ክሩን ዘግይቼ አገኘሁት። እኛ የምንሄደው ከኦገስት 10 እስከ 17 ነው፣ ሮም ብቻ። ከአማቴ ጋር ነን፣ ፍልሰታን ይጾማሉ። የቫቲካኑን ለ15 ልይዝ አስቤ ነበር። ምግቡስ እንዴት ይሆናል?

ሮማ የከረመች

15 ላይ የቫቲካን ሙዚየም ዝግ ነው፤ የማርያም በዓል ነው። ከተማው ራሱ ያን ቀን ባዶ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ለ11 ወይም ለ12 ያዢ። አማትሽ እስከ ከሰዓት የሚቆዩ ከሆነ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ውሰጂ፣ ሲወጡ የሚበሉበት ሰዓት ይደርሳል። ፒዛ ቤት ገብታችሁ «ማሪናራ» በሉ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፤ አይብ የለበትም።